በዛው ጓንት ወደ እህቴ መጣች

ሰላም አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከአራት ኪሎ ነው። እህቴ በኦፕራሲዮን ወልዳ እዚሁ መሀል ከተማ አንድ ሆስፒታል ሳስታምማት ያየሁትን ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። ነርሷ የጎን አልጋዋን ሴትዮ ቁስል ጠርጋ በዛው ጓንት ወደ እህቴ መጣች፣ "በናትሽ ጓንቱን ቀይሪው" ስላት ደንግጣ ቀየረች ግን እጇን አልታጠበችም፣ በምን ትታጠብ፣ ቧንቧው ውሃ የለው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሳኒታይዘርም ባዶውን ነው የተሰቀለው። በስድስተኛው ቀን ፋሻው በመግል ርሶ ትኩሳት ያዛት፣ ልጇን አቅፋ ማጥባት እንኳ አቃታት፣ ተመልሳ ሆስፒታል ተኛች።

እጅን በአልኮል ማሸት እኮ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው የሚፈጀው! ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምላጭ ገዝታችሁ ኑ ተብለን ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ፀጉር በምላጭ አይላጭ ነው የሚለው፣ ምላጩ ቆዳውን ይጭርና ለጀርም በር ይከፍታል፣ የግድ ካስፈለገ በክሊፐር፣ ማለትም በፀጉር መቁረጫ ማሽን፣ ይቆረጥ። መከላከያ አንቲባዮቲክም መሰጠት ያለበት ሳይቀደድ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ ከዛ በኋላ ለመከላከል ተብሎ ለቀናት መቀጠሉ ጀርሙን መድኃኒት ያለማምደዋል እንጂ አይጠቅምም።

እኛም ጠያቂዎች ከታክሲ ወርደን በቀጥታ አልጋው ላይ ነው የምንቀመጠው፣ ይሄም ይቅር።

የሆስፒታል ኃላፊዎችን የምለምነው፣ ውሃ ቢጠፋ እንኳ ሳኒታይዘሩ አይጥፋ። የቁስሉ ኢንፌክሽን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊመጣ ስለሚችል በሽተኛ ስታስወጡም የሚደወልበት ስልክ ስጡን፣ እኛ ሌሊት የምንጠይቀው ሰው አጥተን እስኪነጋ ነው የጠበቅነው።