የተዘለለችው አንዲት ነገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ እርጅና በሽታዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የልብ፣ የኩላሊትና የመርሳት በሽታን ለየብቻ ደርድራችሁ አለፋችሁ። የሚያገናኛቸውን የደም ቧንቧ መድረቅ (መለጠጥ እያቃተው መሄዱን) ዘለላችሁት።

ከልብ የሚወጣው ትልቁ ቧንቧ በወጣትነት እንደ ላስቲክ ነው። ልብ ሲመታ ይለጠጣል፣ ግፊቱን ያለዝባል። ዕድሜ ሲገፋ የሚለጠጡት ክሮች ይበጣጠሳሉ፤ ቦታቸውን ኮላጅን የሚባለው ደረቅ ፕሮቲን ይይዛል። ያኔ ምቱ ሳይለዝብ ይነጉዳል። የግፊቱ ሞገድ ፍጥነት በአዛውንት በሰከንድ ከ10 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ዱላውን የሚቀምሱት ብዙ ደም የሚጎርፍባቸው አንጎልና ኩላሊት ናቸው። ቀጫጭን የደም ሥሮቻቸው ይጎዳሉ። ልብም ደረቅ ቧንቧ ላይ ሲገፋ ሲገፋ ግድግዳው ይወፍራል።

ነገሩ ደግሞ ዞሮ ይመጣል። የታመመ ኩላሊት ካልሲየም በቧንቧው ግድግዳ እንዲከማች ያደርጋል፤ የስኳር በሽታም ኮላጅኑን እርስ በርስ ያጣብቀዋል። (ቧንቧ በስብ መጥበቡ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቻችን እናምታታዋለን።)

በአዛውንት የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር ወጥቶ የታችኛው ሲወርድ «ታችኛውማ ደህና ነው» ብሎ መዝናናት አያዋጣም። የሁለቱ መራራቅ ራሱ አንድ የመድረቅ ምልክት ነው። ይህን በሚቀጥለው እትም ብታነሱት ደስ ይለኛል።

ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ