የመድኃኒት ወጪና የጤና መድን፦ ቅዳሜ እንነጋገር
ውድ አባላት፣ የመድኃኒት ወጪያችንን እንዴት እንደምንቀንስና መድናችን ምን እንደሚሸፍን አብረን ለማየት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ እዚሁ ግሩፑ ውስጥ በድምፅ እንገናኛለን።

የመድን ውላችሁንና የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ያዙ። ከንግድ ስሙ ጎን የጀነሪክ ስሙንም (የፈዋሽ ንጥረ ነገሩን ስም) ጻፉ። በዚህ ስም የሚሸጠው ጀነሪክ መድኃኒት ብዙ ጊዜ በዋጋ ይረክሳል፤ ፈዋሽ ንጥረ ነገሩ ግን ያው ነው። ውሉ ላይ የተሸፈኑትን መድኃኒቶች፣ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን ድርሻና ቅድመ ፈቃድ (መድኑ ወጪውን ከመሸፈኑ በፊት የሚሰጠውን ፈቃድ) የሚጠይቁትን ፈልጉ። መድኑ አልከፍልም ያላችሁ፣ የላከላችሁን ደብዳቤ እንዳትጥሉት! ለይግባኝ ያስፈልጋል።

እስከዚያው እባካችሁ ለመቆጠብ ብላችሁ መድኃኒት አትዝለሉ። ፋርማሲስት ሳትጠይቁም ክኒን አትስበሩ፤ አንዳንዱ ቀስ በቀስ እንዲለቅ የተሠራ ስለሆነ ሲሰበር መጠኑ በአንዴ ይለቀቃል።

የምትገኙ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ መልሱልኝ። ሰዓቱ የማይመቻችሁም ንገሩኝ።