ሰሙ ከቀለጠ በኋላ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ የቀረሁት ተቀይሜህ አይደለም፤ እናቴን ቀብሬ ወደ ባሕር ዳር ከተመለስሁ በኋላ ብዕር ማንሣት ከበደኝ፤ ዝምታው ሲረዝም ደግሞ እፍረቱ አብሮ ረዘመ። ይቅር በለኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ «ለመሆኑ ፈጠራ ይማሩታል ወይስ አብሮ ይወለዳል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አዲስ አበባ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳለን፣ ስለ ጎጃሙ የጎንጅ ቅኔ ቤት ማታ ማታ ታወጋኝ የነበረው፣ መልሱን ለማግኘት ረድቶኛል። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት አዲስ ቅኔ ሲያወጣ፣ ውሎ ለመምህሩ ሲነግር፣ ሌላው የተቀኘውን ይዞ ቢቀርብ ተቀባይ የለውም። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ልኩ ከጥንት የታወቀ 2 ቤት ነው፤ በዚያ ልክ ውስጥ የሚገባው ግን ያልተባለ ነገር መሆን አለበት። ስለዚህ እኔም የቅርጻ ቅርጽ ተማሪዎቼን «የፈለጋችሁትን ሥሩ» ማለት ትቻለሁ፤ ጀማሪን እንዲህ ያለው ነጻነት ያደነዝዘዋል። አንድ ጉብታ ጭቃ ሰጥቼ «የምታውቁትን ሰው አንገት ብቻ አሳዩኝ» እላለሁ።

አምና እናቷ ሸክላ ሠሪ የሆነች አንዲት ተማሪ፣ ማንም ሳይነግራት የተሰበረ ጀበና ወቅጣና ነፍታ ገሉን ከጭቃው ጋር ለወሰችው፤ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ፣ እሳቱንም እንዲችል ነው። ከዚያም ከጆሮ ግርጌ እስከ ማጅራት አውራ ጣቷን አንድ ጊዜ ብቻ ሳበችው። እንስራ ያዘለች ሴት አንገት ወደ ፊት ተወጥሮ ታየኝ። እኔ የሠራሁትን የሰው ራስ ቅርጽ፣ ውስጡን በሚገባ ሳልፈለፍለው፣ የቀረው እርጥበት በእሳት እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳው በዚያው ሳምንት ነበር። የዚህችን ልጅ እናት ሰፈሩ ዛሬም «ቡዳ» ይላታል። «ጠይብ» የሚለው ስድብ ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው የወጣ መሆኑን ሳስብ፣ ወንድሜ፣ ያንገበግበኛል።

አሁን በሰም እየሠራሁ ነው። በቅኔ ሰምና ወርቅ የምንለው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ መሆኑን ታውቃለህ፤ ቅርጹ በሰም ተሠርቶ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። የምሠራው የእናቴን እጅ ነው፣ እንዝርት እንደያዘ። በልቤ የነበረው ሥዕል ጣቶቿ ቀጥ ያሉ ነበሩ። አንድ ማታ ግን ሰሙ በመዳፌ ሙቀት ለዝቦ ሌባ ጣቷ ከአንጓው ላይ ጎበጠብኝ፤ ላቃናው ስል እጄ ቆመ። ጣቷ እውነትም እንደዚያ ጎባጣ ነበር። ረስቼው ነበር፤ ሰሙ ባይጎብጥ አላስታውሰውም ነበር። ፈጠራ የምለው ይህን ነው፤ አስቀድሞ በሐሳብ ያለቀ ነገር አይደለም፤ እጅና ዕቃ ሲገናኙ የሚገለጥ ነው። ለተማሪ ልሰጠው አልችልም፤ እጁን ከጭቃው ጋር ላቆይለት ግን እችላለሁ።

በሰሙ ቦታ የሚገባውን ነሐስ ከጥምቀት በኋላ ለማፍሰስ አስቤያለሁ። ወደ 1,000 ዲግሪ የጋለ ማቅለጫ በጉጠት ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ማን ይያዝልኝ ብዬ ሳስብ የመጣብኝ የአንተ ስም ብቻ ነው። ትመጣለህ?

ወንድምህ፤ ከባሕር ዳር