ኤምኤስ የሚጎዳው እግርን ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

አንጎልንና ነርቭን ስለሚያጠቃው በሽታ፣ ስለ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ)፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። ግን ስለ እግር መዛልና ስለ ዓይን ብዥታ ብቻ ነው ያወራው። የማስታወስ ችግሩስ? ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ እንኳ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል።

እህቴ ኤምኤስ አለባት። ቡና ላይ ጨዋታው ሲደራ ወሬውን መከተል ያደክማታል። ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ ደግሞ ጭራሽ ያመልጣታል። ከዚያ «ቅድም ነግሬሽ የለ!» ይሏታል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቸልተኝነት አይደለማ! በሽታው የነርቮችን ሽፋን፣ ማይሊንን፣ ሲያጠቃ መልእክቱ ይዘገያል። እያደር አንጎልም መጠኑ ይቀንሳል፤ መልእክት የሚያቀባብለው የአንጎል ክፍል ታላመስና ለማስታወስ ቁልፍ የሆነው ሂፖካምፐስ ጭምር። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው ከመርሳት ሳይሆን ነገሩን መጀመሪያውኑ ቶሎ ካለመያዝ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ መንገር ይረዳል።

ምልክትን ከቁጥር በማዛመድ የአእምሮን ፍጥነት የሚለካ የ90 ሰከንድ ፈተና አለ። በየዓመቱ ቢሰጥ ለውጡ ቶሎ ይታያል። እባካችሁ በሚቀጥለው ዕትም ስለዚህ ምርመራ አንድ የነርቭ ሐኪም አነጋግሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ