ክሊፍ ማርቲኔዝ ድራሙን አልጣለውም

ክቡር አዘጋጅ፤

ስለ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፊልም ሙዚቃ አቀናባሪውን ክሊፍ ማርቲኔዝን ማንሳታችሁ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ያሳዘነኝ ድራመርነቱን አንድ ቀን ተገላግሎት የወጣ ተራ ሥራ አስመስላችሁ ማቅረባችሁ ነው። ለዓመታት ድራም የመታሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ማርቲኔዝ በአሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ በካፕቴን ቢፍኸርት የመጨረሻ አልበም ላይ የተጫወተው በ1982 ነው (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቀጥሎ በ1984 እና በ1985 የወጡትን የሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ የሮክ ባንድ የመጀመሪያ ሁለት አልበሞች ድራም የመታው እሱ ነው። ድራም ማሽን (የድራም ምትን በኤሌክትሮኒክስ የሚያሰማ መሣሪያ) በየስቱዲዮው እየገባ የነበረው በዚያው ዘመን ነው። ብዙ ድራመር ማሽኑን እንደ ጠላት ሲያይ እሱ ቁጭ ብሎ ተማረው። ወደ ፊልም ያስገባው በርም የተከፈተው በቴሌቪዥን በኩል ነበር፤ «ፒ ዊስ ፕሌይሃውስ» ለተባለው የልጆች ፕሮግራም የሠራው ሙዚቃ የፊልም ዳይሬክተሩ ስቲቨን ሶደርበርግ ጆሮ ደረሰ። ሶደርበርግ በ1989 በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ፓልም ዶርን ያሸነፈበትን የመጀመሪያ ፊልሙን ሙዚቃ እንዲሠራ የሰጠው ለዚሁ ድራመር ነው። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ትልቁ ነገር የሥራው ባሕርይ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል። ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት ከሌላው በ12 ፍሬም ይራራቃል፤ ወደ 96 ቢወርድ በ15 ይሆናል። በሩ ሲዘጋ፣ ፊት ሲዞር፣ ትዕይንቱ ሲቆረጥ ምቱ የት ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው ይህ ስሌት ነው። ድራመር ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ በእጁና በእግሩ ሲሠራው ያደገ ነው። ዜማና ሃርመኒ ሳያጠና ድራመር ሁሉ አቀናባሪ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ጊዜን የመስማት ችሎታ ግን በኋላ በትምህርት ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም።

ከዚህም የሚበልጥ አለ፤ አለመምታት። መድረክ ላይ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ ድራመሩ እጁን ይሰበስባል። በፊልም ውስጥ ዘፋኙ ተዋናዩ ነው። ማርቲኔዝ ለ«ሶላሪስ» ፊልም (2002) የሠራውን ሙዚቃ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። እዚያ የሚያንሳፍፈው ድምፅ ከኦርኬስትራው ጋር የገባው ስቲል ድራም፣ ዜማ የሚያወጣ የብረት ከበሮ፣ ነው፤ ምት የሚመታበት መሣሪያ ነው፣ ግን ማንንም አያቋርጥም። ማርቲኔዝ ክሪስታል ባሼንም ይወዳል፤ በእርጥብ ጣት እየታሸ የሚጮኽ የመስታወት ዘንግ ያለው የፈረንሳዮች መሣሪያ ነው። የእጅ ሰው መሆኑን እዚያም ታያላችሁ።

የቴሌቪዥን ሥራውን በአንድ መስመር ማለፋችሁም አላስደሰተኝም። «ዘ ኒክ» በ2014 እና በ2015 የታየ የ20 ክፍል ድራማ ሲሆን ታሪኩ የሚጀምረው በ1900 ኒውዮርክ በሚገኝ ሆስፒታል ነው። ሌላ አቀናባሪ ቢሆን በዘመኑ ቫዮሊን ይሞላው ነበር። ማርቲኔዝ ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር መሣሪያ፣ አስገባበት። መጀመሪያ ስሰማው ግራ ገባኝ፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ግን ሌላ ሙዚቃ ማሰብ አቃተኝ። እነዚያ ሐኪሞች ማንም ያልሞከረውን ቀዶ ሕክምና የሚሞክሩ፣ በዘመናቸው ከሁሉ ፊት የሄዱ ሰዎች ናቸው። ያ ከሥር የሚርገበገበው ምት ፍርሃታቸውን አሰማኝ። ለእኔ እሱ ራሱ ለ«ድራይቭ» ፊልም (2011) ከሠራው ሙዚቃ ይበልጣል፤ ብዙዎች እንደማይስማሙ አውቃለሁ።

ብቻውንም አይደለም። የዘ ፖሊስ የሮክ ባንድ ድራመር ስቱዋርት ኮፕላንድ ለዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ረምብል ፊሽ» ፊልም በ1983 ሙዚቃ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ «ዘ ኢኳላይዘር» የተባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ያዘ። የጃዝ ድራመሩ አንቶኒዮ ሳንቼዝ «በርድማን» የተባለውን ፊልም (2014) በድራም ብቻ አጀበው። የኦስካር ሰጪው አካዳሚ በፊልሙ ውስጥ ቀድሞ የተሠራ ክላሲካል ሙዚቃ በዝቷል ብሎ ከውድድር ውጭ አደረገው፤ ግራሚ ግን ሸለመው። ያ ውሳኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ፊልሙን አይቶ የወጣ ሰው ጆሮው ውስጥ የቀረው ድራሙ ነውና።

ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ በ2012 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ማርቲኔዝም አብሮ ገብቷል፤ «ድራይቭ» ከታየ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ስለ እሱ ስትጽፉ «የቀድሞ ድራመር» የሚለውን ትታችሁ «ድራመርና አቀናባሪ» ብላችሁ እንድትጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ድራመር አንባቢያችሁ