ስለ ክፍል 304፦ ለዩኒቨርሲቲያችን የአስተዳደርና ልማት ምክትል ፕሬዚዳንት ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት፣

በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄደው ተማሪያችንና 3ኛ ፎቅ ላይ ስላለው የመማሪያ ክፍሉ፣ 304፣ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። ሦስቱም ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ለመጀመሪያው «የበጀት ጉዳይ በመሆኑ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» የሚል መልስ መጣልኝ፤ ለሁለቱ ምንም የለም። «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ ቢሮዎ ደጃፍ የቆምኩባቸውን ቀናት ትቼዋለሁ። ዛሬ በአደባባይ የምጽፈው የቀረኝ በር ይህ ብቻ ስለሆነ ነው።

የመማሪያ ሕንፃው ተቆጣጣሪ ነኝ። ጠዋት በር የምከፍተው፣ የተቃጠለ አምፖል የማስቀይረው፣ ቧንቧ ሲፈነዳ በሌሊት የምጠራው እኔ ነኝ። ሕንፃው ጂ ፕላስ 4 ነው። የሊፍቱ ጉድጓድ ከተረከብንበት ቀን ጀምሮ ባዶ ነው፤ በየፎቁ አፉ በጣውላ ተመትቷል። በጊዜያዊ ርክክቡ የጉድለት ዝርዝር ላይ ተጽፎ ነበር። የዋስትናው ጊዜ አለፈ፣ የመጨረሻው ርክክብ ተፈረመ፣ ሊፍቱ ግን አልመጣም።

ከምድር እስከ 3ኛ ፎቅ 66 ደረጃ አለ። ይህ ተማሪያችን ዓምናም ዘንድሮም የተመደበው እዚያ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን አራት ጓደኞቹ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ከኋላ፣ ሁለቱ ከፊት ወንበሩን ይዘው ያወጡታል። ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ ሁሉ አሳርፈው ትንፋሽ ይሰበስባሉ። እሱ አይናገርም፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። ባለፈው ግንቦት ዝናብ ጥሎ ደረጃው በጭቃ ጫማ ረጥቦ ሳለ አንደኛውን ልጅ አዳለጠው። ወንበሩ ከነልጁ ተንከባለለ። ከሥር ያነሳሁት እኔ ነኝ። የግራ እጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

ክሊኒክ ይዤው ስሄድ አንድ ነገር ነገረኝ። ትምህርት ባለው ቀን ጠዋት ውሃ አይጠጣም፤ ሻይም አይቀምስም። ወንበሩ የሚገባበት ሽንት ቤት ስለሌለ እስከ ማታ 11 ሰዓት ችሎ ይውላል። ሽንት ቤቱ ግን አለ፣ ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት። ምድር ላይ፣ በሩ ሰፊ፣ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት ያለው፣ ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የተሠራ ነው። ንብረት ክፍል «ቦታ ጠበበን» ስላለ በጽሑፍ ትእዛዝ የተሰባበረ ወንበርና የድሮ የፈተና ወረቀት ተሞልቶበታል። ያለ ፊርማ አንዲት ወንበር ባወጣ ተጠያቂ ነኝ። የዚያን ክፍል ቁልፍ ኪሴ ይዤ ልጁ በጥም ሲውል ማየት ሰልችቶኛል፤ እንቅልፍም ነስቶኛል።

ሕጉን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የሕንፃ አዋጅ 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው መግቢያና ተስማሚ መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650 ደግሞ ሁኔታው በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ሲባል የመማሪያ ክፍል እንዲዛወር በግልጽ ጽፎ ነበር። የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን በ2002 አጽድቃለች። ሕንፃችን መሠረቱ የተቆፈረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሊፍት የውጭ ምንዛሪ እንደሚጠይቅ ይገባኛል። ስለዚህ በደብዳቤዎቼ ሊፍት አልጠየቅሁም፤ ያነበባቸው ሰው ቢኖር ኖሮ «በጀት» የሚል መልስ አይጽፍልኝም ነበር። የጠየቅሁት ምድር ላይ ያለውን የመሰብሰቢያ ክፍል ከ304 ጋር መለዋወጥ ነው። ያ ክፍል በወር አንዴ ቢከፈት ነው፤ የሶፋዎቹ ፕላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም። ተሰብሳቢዎቹ 66ቱን ደረጃ በእግራቸው መውጣት ይችላሉ። የተማሪዎቹን ወንበር ከጥገና ክፍል ልጆች ጋር ሆነን ቅዳሜ በጉልበታችን እናወርዳለን፤ የትርፍ ሰዓት አንጠይቅም። ሽንት ቤቱንም በዚያው ቀን እናጸዳለን። ከእርስዎ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው።

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፕሮግራም ትናንት ተለጥፏል። የእሱ ሴክሽን ዛሬም 304 ነው። ሰኞ 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል።

የሕንፃው ተቆጣጣሪ