እታለም፣ ፍየሏን ከመግዛትሽ በፊት

እታለም፣ እንዴት ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። ሥራው ያው ነው፣ ጠዋትና ማታ ማለብ።

የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። የወተት ፍየል ለመግዛት ማሰብሽ በጣም ነው ያስደሰተኝ። ውሃ የበዛበት ወተት በየቀኑ እየተገዛ እስከ መቼ ይዘለቃል? ብሩን እኔ እልካለሁ፣ እሱን አታስቢ። ግን «እዚያ እንደምታልባቸው ዓይነት ነጭ የፈረንጅ ፍየል ተፈልጎ ይገዛልን» ያልሽው ላይ አልስማማም።

እዚህ ሆላንድ፣ እኔ ያለሁበት ብራባንት ውስጥ፣ የምናልባቸው ፍየሎች ዘራቸው ሳነን ነው፣ ከስዊዘርላንድ የመጣ። አንዷ በቀን ሦስት ሊትር ገደማ ትሰጣለች፣ ጎበዟ ከዚያም በላይ። አንድ ጊዜ ወልደው ሳይደግሙ ለዓመታት የሚታለቡም አሉ። ያገራችን ፍየል ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር አትዘልም፣ ስለዚህ ልብሽ ወደነዚህ ቢሸፍት አልፈርድብሽም። ግን ያ ሁሉ ወተት የሚመጣው ከመኖው ነው። ቀኑን ሙሉ ጥሩ ድርቆሽ ከፊታቸው አይጠፋም፣ ላዩ ላይ በሚዛን የተለካ የፋብሪካ መኖ ይጨመርላቸዋል፣ ትንሽ ካስነጠሳቸው ሐኪም ይጠራል። ቆዳቸው ስስና ሮዝ ስለሆነ ኃይለኛ ፀሐይ ያቃጥላቸዋል። የሸዋሮቢትን ፀሐይ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ ብትመጣ ወተቷን ሳታዪ ሐኪም ፍለጋ ስትሮጪ ትከርሚያለሽ።

ፋርም አፍሪካ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሐረርጌና ወላይታ አካባቢ አንግሎ ኑቢያን የሚባለውን ዘር ካገር ፍየል ጋር ማዳቀል ጀምሮ ነበር። ያኔም ችግረኛ ሴቶች መጀመሪያ የተሰጣቸው ሁለት ሁለት ያገር ፍየል ነው፣ በዱቤ፣ ዕዳውን በግልገል እንዲከፍሉ። እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። ባገሯ ፍየል ጀምሪ፣ እጅሽ ይልመድ፣ ዲቃላው በኋላ ይደርሳል።

ደግሞ አንድ ብቻ አትግዢ። ፍየል ብቻዋን አይሆንላትም፣ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ትውላለች፣ መብላትም ትተዋለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። አንዷ የምትታለብ፣ ሌላዋ እርጉዝ ብትሆን ደግሞ አንዷ ስትነጥፍ ሌላዋ ትደርስልሻለች።

ሰንበቴ ገበያ ሂጂ፣ ከአፋር በኩል የሚመጡትን እዚያ ታገኛለሽ። የአፋር ሰው ፍየሉን አልቦ የሚጠጣ ስለሆነ የትኛዋ እናት ወተት እንዳላት ያውቃል። እኛ ጋ ግን ፍየል የምትታየው ለሥጋ ነው። ደላላው ጀርባዋን ዳብሶ «እንዴት ያለች ሥብ ናት» ይልሻል። እሱን ተይው። የወተት ፍየል ትንሽ ከሳ ብትል ምንም አይደል፣ የበላችውን ወደ ወተት የምትለውጥ ናትና። ጠጉሯም ቀንዷም አያታልሉሽ።

መጀመሪያ አፏን ክፈቺ። ላይኛው ድድ ላይ የፊት ጥርስ የላትም፣ የምትቆጥሪው የታችኞቹን ስምንቱን ነው። ሁሉም ትንንሽ ከሆኑ ገና ዓመት ያልሞላት ናት። ሁለት ትልልቅ ካሏት ወደ ዓመት ተኩል፣ አራት ካሏት ሁለት ዓመት ገደማ፣ ስድስት ከሆነ ሦስት። ስምንቱም ተለውጠው ከተሸራረፉና ከተራራቁ አርጅታለች፣ እለፊያት። ለአንቺ የምትሆነው አራት ወይም ስድስት ትልልቅ ጥርስ ያላት፣ ቢቻል ሁለተኛዋን የወለደች ናት። መጀመሪያዋን የወለደች ፍየልና ማለብ የማያውቅ እጅ ከተገናኙ ሁለቱም ይሠቃያሉ።

ከዚያ ግቷን። ገበያ የሚያመጧት ሳትታለብ አሳድረው ስለሆነ ተወጥሮ ብታዪው አትገረሚ። «እለቢልኝ» በያት ሻጯን፣ ወይም ራስሽ እለቢ። እምቢ ካለች ሌላ ፍየል ፈልጊ። የመጀመሪያውን ጠብታ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ እዪው፤ የረጋ ነገር፣ ደም ወይም ቢጫ ውሃ ካለው ግቷ ታሟል ማለት ነው። አልበሽ ስትጨርሺ ግቱ እንደ ባዶ ከረጢት ልፍስፍስ ማለት አለበት። ከታለበችም በኋላ ጠጣር ሆኖ የቀረ ሥጋ ነው ወይ ቁስል ነው እንጂ ወተት አይደለም። ሁለቱ ጎን እኩል ይሁን፣ ጡቷ ለጣትሽ የሚመች፣ ከሁለት ያልበለጠ። አገጯ ሥር፣ ከጆሮዋ በታችና ትከሻዋ ፊት ዳብሺ፣ እብጠት ካለ ተያት፣ ፈንድቶ ሌሎቹንም ይበክላል። ንፍጥ ካላት፣ ካሳላት፣ ጭራዋ ሥር ከቆሸሸ እንዲሁ።

አንድ ጥያቄ ግን ሳትጠይቂ እንዳትመለሺ፤ ጽንስ ጥላ ታውቃለች ወይ? ይህን አጥብቄ የምልሽ በምክንያት ነው። እዚሁ ብራባንት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 ኩ ፊቨር የሚባል በሽታ ከወተት ፍየሎች ወደ ሰው ተላልፎ ከ4,000 በላይ ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል። ከ50,000 በላይ ፍየሎች ተወግደዋል። ጀርሙ በእንግዴ ልጁና በሽርት ውሃው ይወጣል፣ ሲደርቅ ከአቧራ ጋር በነፋስ ይሄዳል። ጽንስ የሚያስጥል ሌላም በሽታ አለ፣ በጥሬ ወተት ሰው ላይ የሚመጣ። ስለዚህ ስትወልድ በባዶ እጅሽ አትንኪ፣ እንግዴ ልጁን ውሻ ሳይደርስበት ቅበሪው፣ ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቧ አትቁም። ወተቱ ሳይፈላ ለልጆቹ እንዳይሰጥ። እማዬ «ጥሬው ነው መድኃኒቱ» ትል ይሆናል፣ እባክሽ በዚህ እንኳ አትስሚያት።

«ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» እንዳይሆን፣ ከመግዛትሽ በፊት ግቢውን አዘጋጂ። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ይሠራላቸው፣ ክፍተት ይኑረው፣ ሽንታቸውና በጠጣቸው ወደታች ይውረድ። በአጥሩ ዙሪያ ሉኪኒያና ሰስባኒያ የሚባሉትን የመኖ ዛፎች ትከሉ። የግራር ፍሬ ሰብስበሽ አስቀምጪ፣ አሞሌ ጨው ስቀይላቸው። ሽንኩርት ማሳው ጎን ነውና ቅጠሉን እየለቀሙ እንዳይሰጧቸው ልጆቹን ንገሪ፣ ወተቱን ያሸተዋል። ወጠጤም ግቢ ውስጥ አታሳድሪ፣ ጠረኑ ወደ ወተቱ ይገባል፣ ስትፈልግ ብቻ ከጎረቤት ይመጣል። ሚያዝያ ላይ ብትጠቃ አምስት ወር ቆጥረሽ መስከረም ላይ ትወልዳለች፣ ዝናቡ አባርቶ ቅጠሉ ሳይደርቅ።

እዚህ ግልገሉን ከእናቱ ወዲያው ይለያሉ። አንቺ ግን እንዳታደርጊው። ያገራችን ፍየል ግልገሏን ካላየች ወተቷን አትለቅም። እንገሩን በደንብ ይጥባ። ካደገ በኋላ ማታ ለይተሽ አሳድሪው፣ ጠዋት አንዱን ጎን አልበሽ ሌላውን ተይለት።

አዲሶቹን ሁለት ሦስት ሳምንት ከጎረቤት ፍየሎች ጋር አታቀላቅያቸው። የቀበሌውን የእንስሳት ሐኪም ስለ ፍየል ሳንባ በሽታና ደስታ መሰል ስለሚባለው በሽታ ክትባት ጠይቂው፣ ክትባቱ ቢሾፍቱ ስለሚመረት አይጠፋም።

ብሩ እስከ ዓርብ ይደርስሻል። ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት ቪዲዮ ላኪልኝ፣ ጥርሷን ከፍተሽ፣ ግቷን ከኋላ፣ ስትራመድ ከጎን። እሑድ ጠዋት ሥራ ላይ ብሆንም ስልኬን ከጎኔ አደርጋለሁ። እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ